ቦሎና ሦስተኛ ወገን፤ በአንድ መስታወት ላይ የማይተዋወቁ ጎረቤታሞች

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ሐሙሲትን፣ ወረታን፣ ይፋግንና አዲስ ዘመንን ካለፋችሁ በኋላ እንፍራንዝ ትደርሳላችሁ፡፡ ብዙዎቻችን እንፍራንዝን የምናውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው፡፡ የታሪክ መጽሐፍ ያገላበጠ ሰው ደግሞ ከከተማዋ አጠገብ ኮረብታ ላይ የቆመውን የዐፄ ሠርፀ ድንግልን የጉዛራ ቤተ መንግሥት ያስታውሳል፤ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን ማለት ነው፡፡ ዛሬ ግን የምናወራው ስለ ቤተ መንግሥት አይደለም፡፡ ስለ ካሚዮን ነው፡፡

በዚህ መንገድ የሚያልፍ የጭነት መኪና ቆሞ ካገኛችሁ የፊት መስታወቱን ልብ ብላችሁ እዩት፡፡ ከቅዱሳን ሥዕልና ከ«ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» ዓይነት ጥቅስ ጎን ሁለት ትንንሽ ወረቀቶች ተለጥፈው ታገኛላችሁ፡፡ አንዱ ቦሎ ነው፡፡ መኪናው ዓመታዊ ምርመራ ተደርጎለት «ለመንገድ ብቁ ነው» ተብሏል ማለት ነው፡፡ ሌላው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ምልክት ነው፡፡ መኪናው ሰው ቢገጭ ወይም ንብረት ቢያወድም ካሳ የሚከፍል ድርጅት አለ ማለት ነው፡፡ አንዱ ስለ ጥንቃቄ ይናገራል፤ ሌላው ጥንቃቄው ሲያልቅ ስለሚመጣው ነገር፡፡ እንዲህ ተጠጋግተው ሲኖሩ በደንብ የሚተዋወቁ ይመስላሉ፡፡ እውነቱ ግን በአንድ ግቢ ተከራይተው ሰላምታ እንኳ በቅጡ እንደማይለዋወጡ ጎረቤታሞች ናቸው፡፡

እርግጥ ነው፣ ቦሎ ሊያሳድስ የሄደ ሰው የኢንሹራንሱን ወረቀት ይጠየቃል፡፡ በዚህ በኩል ትውውቅ አላቸው ማለት ይቻላል፡፡ በሌላኛው በኩል ግን የለም፡፡ የሦስተኛ ወገን አረቦን (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ዋጋ ማለት ነው) በዋናነት የሚሰላው በመኪናው ዓይነት፣ በሚሰጠው አገልግሎትና በመጫን አቅሙ ነው፡፡ የፍሬን ሸራውን በየጊዜው የሚያስቀይረው ባለንብረትና ብረት ከብረት እስኪፋጭ ድረስ የሚያስነዳው ባለንብረት አንድ ዓይነት መኪና ካላቸው የሚከፍሉት ያው ነው፡፡ አደጋ ደርሶ ካሳ ሲጠየቅ ግን ሁሉም ሰው በድንገት ስለ ፍሬኑ መጠየቅ ይጀምራል፡፡

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እንግዲህ ይህ ነው፡፡ በእኛ አገር ጥንቃቄ ወደ ኢንሹራንስ ቤት የሚገባው በመግቢያው በር ሳይሆን በመውጫው በር ነው፡፡ ለምን እንዲህ ሆነ? ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ወደ በቅሎዎቹ፡፡

በበቅሎ ዘመን

ካሚዮን ሳይመጣ በፊት ይህ መስመር የሲራራ ነጋዴ መስመር ነበር፡፡ ከእንፍራንዝ ብዙም የማትርቀው ይፋግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሟ የገነነ ገበያ ነበረች፡፡ ከጎጃም የሚመጣውና ወደ ጎንደር፣ ከዚያም አልፎ ወደ ምጽዋ የሚወርደው ሸቀጥ ይገናኝባት ነበር፤ ኬላም ነበረባት፡፡ አሞሌው፣ ቡናው፣ ጨርቁ ሁሉ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ነው የሚጓዘው፡፡

ሲራራ ነጋዴ ደግሞ ብቻውን አይጓዝም፡፡ ሽፍታ አለ፣ የሞላ ወንዝ አለ፣ የሌሊት ጅብ አለ፡፡ ስለዚህ ተሰባስቦ፣ አለቃ ይዞ ይጓዛል፡፡ «ነጋድራስ» የሚለው ማዕረግ ራሱ የነጋዴዎች ራስ ማለት እንደሆነ አትርሱ፡፡ እንግዲህ አስቡት፤ የአንዱ ጭነት ተንጋዶ በቅሎዋ ገደል አፋፍ ላይ ብትወድቅ የሚቆመው ጉዞው በሙሉ ነው፡፡ ጓደኛህ ጭነቱን እንዴት እንዳሰረ ማየት ለአንተም ጉዳይህ ነው፡፡ ኢንሹራንስ የሚባል ቃል አልነበረም፤ የነገሩ ፍሬ ግን ነበረ፡፡ አደጋን ለመካፈል የተስማሙ ሰዎች ከመነሳታቸው በፊት መተያየት ነበረባቸው፡፡

ካሚዮን ከነቃላቱ መጣ

ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፡፡ ወደ ጣና ዳር ግን ካሚዮን በብዛት የደረሰው በሰላም አልነበረም፡፡ በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረው አኪሌ ስታራቼ በካሚዮን የተጫነ ጦር እየመራ በኤርትራ በኩል መጥቶ መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ገባ፤ በቀናት ውስጥም ወደ ሐይቁ ወረደ፡፡ ጣና ዳር የነበረ ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሚዮን በሰልፍ ያየው የጠላት ወታደር ጭኖ ነው ማለት ይቻላል፡፡

ጎንደር ላይ የመሸገው የመጨረሻው የጣሊያን ጦር ኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ ሰዎቹ ሄዱ፤ ቃላቱ ግን ቀሩ፡፡ ማንኛውም ጋራዥ ገብታችሁ አዳምጡ፡፡ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ… ግማሹ ወሬ ጣሊያንኛ ነው፡፡ «መኪና» ራሱ ከዚያው ነው የመጣው፡፡

«ቦሎ»ም እንዲሁ፡፡ ይህቺ ቃል ግን ከሌሎቹ ለየት ትላለች፡፡ በጣሊያንኛ ቦሎ ማለት ማኅተም ወይም ቴምብር ነው፤ ጣሊያኖች ዛሬም በየዓመቱ የሚከፍሉትን የመኪና ግብር ቦሎ ብለው ይጠሩታል፡፡ ስለዚህ መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት በትውልዷ የመንግሥት ክፍያ ማስረጃ እንጂ የጤንነት ምስክር አይደለችም፡፡ ስሙን ስንወርስ አስተሳሰቡንም አብረን የወረስን ይመስላል፡፡ ስንቱ ባለመኪና ነው «ፍሬኔ ይታይልኝ» ብሎ ወደ ምርመራ የሚሄደው? አብዛኛው ሰው የሚሄደው ትራፊክ እንዳያስቆመው ነው፡፡

የ1951 መንታዎች

ኢንሹራንስም ቢሆን በመጀመሪያ በሰው አገር ኩባንያ እጅ ነው የገባው፡፡ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ ኢንሹራንስ ይሸጥ ነበር፡፡ በአገር ውስጥ የተቋቋመው የመጀመሪያው ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፡፡

በዚያው ዓመት ሌላም ልጅ ተወልዷል፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን፡፡ ካሚዮኑ የሚሄድበትን መንገድ የሚሠራው መሥሪያ ቤትና ለካሚዮኑ ዋስ የሚሆነው ኩባንያ በአንድ ዓመት ተወለዱ ማለት ነው፡፡ ግን መንታ ሆነው ተወልደው እንደ ባዳ ነው ያደጉት፡፡ አንዱ ድልድይና ጠጠር ይቆጥራል፣ ሌላው አረቦን ይቆጥራል፡፡

በ1952 ዓ.ም. ሁለት ትላልቅ ሕጎች ወጡ፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2081 ለባለመኪናዎች ከባድ ነገር ደነገገ፡፡ ባለሞተር ተሽከርካሪ ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ «እኔ አልነዳሁትም፣ ጥፋትም የለብኝም» ብሎ አያመልጥም፤ ይከፍላል፡፡ ካሚዮን መያዝ ራሱ ዕዳ ሊያመጣ የሚችል ነገር ሆነ፡፡ ኢንሹራንስ በዚህች አገር ትርጉም ማግኘት የጀመረው እዚህ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፡፡

ሁለተኛው የንግድ ሕጉ ነው፡፡ ከቁጥር 667 እስከ 669 ያሉት አንቀጾች ለእኛ ጉዳይ ቁልፍ ናቸው፡፡ ኢንሹራንስ የሚገባው ሰው ስለ አደጋው የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል መናገር አለበት፡፡ ሆን ብሎ ከደበቀ ወይም ከዋሸ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል፡፡ ከውሉ በኋላ የአደጋው ሥጋት ከጨመረም ማስታወቅ አለበት፡፡ በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣም የድሮው ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል በቦታው ቀርቷል፡፡

ልብ በሉ፤ ሕጉ ለኢንሹራንስ ኩባንያው «ጠይቅ»፣ ለባለመኪናው «መልስ» ብሏል፡፡ ኩባንያው ባይጠይቅስ? አስቀድሞ ሄዶ መኪናውን ፈትሾ፣ «ይህን ካስተካከልክ ዋጋ እቀንስልሃለሁ» የሚል ግዴታ ግን ሕጉ ውስጥ የለም፡፡ ሌላ አገር ይህንን ክፍተት የሞላው ሕግ ሳይሆን ቡና ነው፡፡ አዎ፣ ቡና፡፡

የለንደኑ ቡና ቤት

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ለንደን ውስጥ ቡና ቤት ነበረው፡፡ ደንበኞቹ የመርከብ ባለቤቶች፣ ካፒቴኖችና ነጋዴዎች ነበሩ፡፡ ቡና እየጠጡ (ከእኛው ተራራ ወጥታ ዓለምን የዞረችውን ማለቴ ነው) የመርከብ ወሬ ያወራሉ፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ የመርከቡን ሥጋት ይገዛል፡፡ ዛሬ ሎይድስ እያልን የምንጠራው የኢንሹራንስ ገበያ ከዚያ ቡና ቤት ነው የወጣው፡፡

ችግሩ፣ ኢንሹራንስ የሚሸጠው ሰው መርከቡን አያውቀውም፡፡ የበሰበሰው መርከብና አዲሱ መርከብ ወረቀት ላይ አንድ ናቸው፡፡ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1760 የቡና ቤቱ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው መርከቦችን እየመረመሩ ደረጃ የሚሰጥ መዝገብ ማዘጋጀት ጀመሩ፡፡ እንጨቱ እንዴት ነው፣ ሸራውና ገመዱ እንዴት ነው እያሉ ማርክ ይሰጣሉ፡፡ ዓለም ሁሉ ምርጥ ነገርን «ኤ ዋን» የሚለው ከዚያ መዝገብ ተነስቶ ነው፡፡ ዝቅተኛ ማርክ ያገኘ መርከብ ኢንሹራንስ በርካሽ አያገኝም፡፡ ባለመርከቡ ለነፍስ ባይሳሳ እንኳ ለኪሱ ሲል ገመዱን ይቀይራል፡፡

ይህ ሁሉ ግን ሰዎቹ መልአክ ስለነበሩ አይደለም፡፡ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንዳንድ የእንግሊዝ ባለመርከቦች ያረጀ መርከብ ከዋጋው በላይ ኢንሹራንስ አስገብተው፣ ከአቅሙ በላይ ጭነው ወደ ባሕር ይልኩት ነበር፡፡ ቢደርስ ትርፍ፣ ቢሰምጥም ትርፍ፡፡ የሚሞተው መርከበኛው ነው፡፡ ሰዉ «የሬሳ ሳጥን መርከቦች» አላቸው፡፡ ሳሙኤል ፕሊምሶል የሚባል የፓርላማ አባል ለዓመታት ጮኾ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 በየመርከቡ ጎን ላይ የጭነት ልክ መስመር እንዲሰመር የሚያዝ ሕግ ወጣ፡፡ ውሃው ከመስመሩ ካለፈ ተጭኗል፤ በቃ፡፡ የእኛ የመንገድ ሚዛን ጣቢያዎች የዚያች መስመር የልጅ ልጆች ናቸው፡፡

አሜሪካም ተመሳሳይ ታሪክ አላት፡፡ እ.ኤ.አ. በ1865 ሱልጣና የምትባል የእንፋሎት ጀልባ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ቦይለሯ ፈንድቶ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አለቀ፡፡ በዓመቱ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ አንድ ኩባንያ ተቋቋመ፡፡ ስሙ ውስጥ «ምርመራ» የሚለው ቃል «ኢንሹራንስ» ከሚለው ይቀድማል፡፡ መርማሪ ይልካል፣ ቦይለሩን ያያል፣ ከዚያ ነው ኢንሹራንስ የሚሸጠው፡፡ ከፍንዳታ በኋላ ከሚከፈል ካሳ ከፍንዳታ በፊት የሚከፈል የመርማሪ ደመወዝ እንደሚረክስ ገብቷቸው ነበር፡፡

አንድ ሻጭ፣ ከዚያ ብዙ ሻጭ

ወደ አገራችን እንመለስ፡፡ ደርግ ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. 13 የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ወረሰ፡፡ ከእነሱም የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፡፡ ለሃያ ዓመት ግድም በአገሪቱ ያለው የኢንሹራንስ ሻጭ እሱ ብቻ ነበር፡፡ የግል ካሚዮኖችም በዚያ ዘመን በቀጠና ተደራጅተው ነበር የሚሠሩት፡፡ ጭነት በተራ ይደርሳል፣ ታሪፉን መንግሥት ይወስናል፡፡

ለእኛ ጥያቄ ይህ ዘመን ያመለጠ አጋጣሚ ነው፡፡ የየመኪናው አደጋ፣ የየሹፌሩ ጥፋት፣ የየመንገዱ ጠንቅ በአንድ ድርጅት መዝገብ ውስጥ ሊሰበሰብ ይችል ነበር፡፡ ሎይድ ቡና ቤት የነበሩት ሰዎች ይህን ቢያገኙ ይጨፍሩ ነበር፡፡ ነገር ግን ታሪፉ የተወሰነበት፣ ጭነቱ በተራ የሚደርሰው ባለንብረት በመጠንቀቁ የሚያገኘው ምን ነበር? ጠንቃቃውም ዝርክርኩም ተራው ሲደርስ ይጭናል፡፡

በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ኢንሹራንስ ለግል ባለሀብት ተከፈተ፤ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ሆነ፡፡ አዋሽ፣ አፍሪካ፣ ኒያላ፣ ናይል እየተባለ ኩባንያው በዛ፡፡ ከሕይወት ውጭ ባለው ኢንሹራንስ ትልቁን ድርሻ የያዘው የመኪና ኢንሹራንስ ነው፤ ብዙ ካሳ የሚወጣበትም እሱ ነው፡፡ ፉክክር መጣ ማለት ነው፤ ፉክክሩ ግን በዋጋ ላይ ሆነ፡፡ አንድ ኩባንያ ሃያ ካሚዮን ላለው ደንበኛ «ሹፌሮችህን አሠልጥን፣ ጎማህን ቀይር» ቢለው፣ ደንበኛው ምንም ወደማይጠይቀው ጎረቤት ኩባንያ ይሄዳል፡፡ ዋጋ መቀነስ አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃዋል፤ ጎማ ማየት ግን መሐንዲስ፣ መኪናና አበል ይፈልጋል፡፡

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሙሉ መድን በሚባለው (ባለንብረቱ ለራሱ መኪና በሚገባው) ነገሩ ትንሽ ይሻላል፡፡ ዓመቱን ካሳ ሳይጠይቅ የጨረሰ ደንበኛ ቅናሽ ያገኛል፡፡ ብዙ መኪና ይዞ ለሚመጣም ቅናሽ አለ፡፡ ይህ መልካም ነው፡፡ ግን ካሳ አለመጠየቅና መጠንቀቅ አንድ አይደሉም፡፡ ያለ ፍሬን ሸራ ሄዶ ዓመቱን በእመቤታችን ጥበቃ የጨረሰ ሰውም ቅናሹን ያገኛል፡፡ ቅናሹ የሚሸልመው ያለፈውን ዕድል ነው፤ የሚመጣውን አደጋ አያይም፡፡

የሰው ዋጋ፣ የአጥር ዋጋ

እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱ ውስጥ ያለ ሁሉ መኪና ለሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንዲገባ የሚያስገድድ አጠቃላይ ሕግ አልነበረም፡፡ በዚያ ዓመት አዋጅ ቁጥር 559 ወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ፡፡ ትልቅ እርምጃ ነበር፡፡ ገጭቶ ለጠፋ ወይም ኢንሹራንስ ለሌለው መኪና ሰለባዎች ካሳ የሚከፍል የኢንሹራንስ ፈንድም ተቋቋመ፡፡

ቁጥሮቹን ግን ተመልከቱ፡፡ በአዋጅ 799 መሠረት ለሞተ ሰው የሚከፈለው ከ5,000 ብር ያላነሰ፣ ከ40,000 ብር ያልበለጠ ነበር፡፡ ለንብረት ጉዳት ጣሪያው 100,000 ብር ነበር፡፡ ካሚዮን መንገድ ስቶ የአንዱን አጥርና ሱቅ ቢያፈርስ እስከ መቶ ሺህ፣ ሱቁ ደጃፍ የቆመውን ልጅ ቢገድል እስከ አርባ ሺህ፡፡ ጣሪያው ከዓመታት በኋላ በደንብ ከፍ ተደርጓል፤ ቢሆንም ስንት ቤተሰብ በዚያ በፊተኛው ልክ ተሰፍሮለታል፡፡ ከጣሪያው በላይ ያለውን በአንቀጽ 2081 ከባለንብረቱ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህ ግን ጠበቃ፣ ቀጠሮና የትራንስፖርት ገንዘብ ላለው ነው፡፡

ጉዳዩ ተራ አይደለም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ለ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው 26.7ቱ በመንገድ አደጋ ይሞታል፡፡ መኪናችን ትንሽ፣ ሟቻችን ብዙ ነው፡፡ ከሟቾቹም ብዙዎቹ መኪና ውስጥ ያልነበሩ እግረኞች ናቸው፡፡ እንፍራንዝን በመሰለች፣ ገበያዋም ትምህርት ቤቷም መስጊዷም ቤተ ክርስቲያኗም በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ በተዘረጋ ከተማ እግረኛ ያልሆነ ማን አለ? «ሦስተኛ ወገን» የሚለው የሕግ ቃል በእንደዚህ ያለ ቦታ የከተማው ሕዝብ በሙሉ ማለት ነው፡፡

በመውጫው በር

አሁን አደጋው ደረሰ እንበል፡፡ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን ያነሳል፤ ሪፖርት ይጻፋል፡፡ ባለንብረቱ ለኢንሹራንሱ ያስታውቃል፡፡ ገማች ይመጣል፣ ጋራዦች ፕሮፎርማ ያስገባሉ፡፡ ጥያቄው የሚጀምረው እዚህ ነው፡፡ መንጃ ፈቃዱ ለዚህ መኪና ይፈቅዳል? አልታደሰም እንዴ? ጭነቱ ስንት ኩንታል ነበር? ቦሎው መቼ ነው ያለፈው? ሹፌሩ ጠጥቶ ነበር?

ጥያቄዎቹ ትክክል ናቸው፡፡ ስህተቱ ጊዜያቸው ነው፡፡ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ማንም ሳይጠይቅ አረቦን ሲቀበል ቆይቶ በአሥራ ሁለተኛው ወር «ከልክ በላይ ጭነሃል» ማለት ለባለንብረቱ ወጥመድ ይመስለዋል፡፡ ስለ ባለንብረት ስናስብ ደግሞ ሁልጊዜ ሃብታም አይታየን፡፡ ብዙው አንድ መኪና ያለው፣ እሱንም በባንክ ብድር የገዛ፣ በማኅበር ተደራጅቶ ጭነት የሚጠብቅ ሰው ነው፡፡ ሙሉ መድኑንም የገባው ባንኩ ስለጠየቀው ነው፡፡ ካሳው ከተከለከለ መኪናውም ብድሩም ቤቱም ይሄዳሉ፡፡

ሹፌሩስ? የሚከፈለው በምልልስ ከሆነ እንቅልፉ ከእንጀራው ጋር ይጣላል፡፡ ከጅቡቲ የመጣ ሹፌር ዓባይ በረሃን ወጥቶ፣ ባሕር ዳርን አልፎ፣ እንፍራንዝ ላይ ዓይኑ ሲከደን እጁ ጫት ላይ ቢያርፍ አይደንቅም፡፡ አዲስ አበቤ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል፤ ስሙ የሚወጣው ለብረቱ ነው፡፡ የሥራ ሰዓቱን ግን የሚጠይቀው የለም፡፡

እንግሊዞች አስገዳጅ የመኪና ኢንሹራንስን እ.ኤ.አ. በ1930 ሲጀምሩ ከዚሁ ጣጣ ጋር ተጋፍጠዋል፡፡ ኩባንያዎች «መኪናው ጤነኛ አልነበረም»፣ «ጭነቱ በዝቷል» እያሉ ለተጎጂው አንከፍልም ማለት አበዙ፡፡ በ1934 ሕጉ ተሻሻለ፡፡ እንዲህ ያለው ምክንያት ተጎጂውን አይመለከተውም፤ መጀመሪያ ክፈሉት፣ ከዚያ ከደንበኛችሁ ጋር ተካሰሱ ተባሉ፡፡ ውጤቱ ብልህ ነበር፡፡ በመውጫው በር ማምለጥ የማይችል ኩባንያ በመግቢያው በር ላይ ዓይኑን መክፈት ይጀምራል፡፡

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ የዚህ መስመር ሰዎች ይታዘቡኛል፡፡ በተለመደው ውል ጦርነትና ሁከት አይሸፈኑም፡፡ ከ2008 ዓ.ም. ሁከት ወዲህ ኩባንያዎች የፖለቲካ ብጥብጥ ሽፋን የሚባል ነገር ለብቻው በተጨማሪ ዋጋ መሸጥ ጀምረዋል፡፡ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ደግሞ መኪና ማቃጠልም መንገድ መዘጋትም ታይቷል፡፡ ፍሬኑ የቱንም ያህል ጤነኛ ይሁን፣ ለእንዲህ ያለው ሥጋት የመካኒክ መፍትሔ የለም፡፡ ሌላው አደጋ ግን አለው፤ አብዛኛውም አደጋ ሌላው ነው፡፡

«ደሃው ባለመኪናስ?»

አረቦን በጥንቃቄ ይለካ ሲባል የሚነሳው ተቃውሞ ይህ ነው፤ ተገቢም ነው፡፡ አሮጌ መኪና ያለው ደሃ ነው፡፡ ዋጋ ብትጨምርበት ወይ ኢንሹራንስ ሳይገባ ይነዳል፣ ወይ ገበያውን ለባለብዙ መኪና ኩባንያዎች ትቶ ይወጣል፡፡ አንድ ዓይነት ዋጋ ቢያንስ ሁሉንም ያቅፋል፡፡

እውነት አለው፡፡ ግን ሁለት ነገር ልጨምር፡፡ አንደኛ፣ ዋጋው የሚለካው በመኪናው ዕድሜ ሳይሆን በባለቤቱ ሥራ ሊሆን ይችላል፡፡ ፍሬን ማስፈተሽ፣ ጎማ መቀየር፣ ሁለተኛ ሹፌር መያዝ፣ በልክ መጫን አዲስ መኪና መግዛት አይደሉም፡፡ እነዚህን ያደረገ አሮጌ መኪና ካላደረገ አዲስ ሲኖትራክ ያነሰ ቢከፍል ደሃው ተጠቀመ እንጂ አልተጎዳም፡፡ ሁለተኛ፣ ዛሬም ቢሆን አንድ ዓይነት ዋጋው ነፃ አይደለም፡፡ የዝርክርኩን አደጋ ጠንቃቃው በአረቦኑ እየከፈለለት ነው፤ የተረፈውን ደግሞ እግረኛው በእግሩ፡፡

መሣሪያው ሙሉ በሙሉ የለም ማለትም አይቻልም፡፡ የፍጥነት መገደቢያ መሣሪያ በንግድ መኪኖች ላይ እንዲገጠም ተደርጓል፡፡ ቦሎ የሚሰጡ የምርመራ ተቋማት የየመኪናውን ውጤት ይይዛሉ፡፡ ሚዛን ጣቢያ የጭነቱን ልክ ይመዘግባል፡፡ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ሆነዋል፤ በ1951 ተለያይተው ያደጉት የደህንነትና የካሳ ሥራዎች ቢያንስ በስም ተገናኝተዋል፡፡ የቀረው መዝገቦቹን ማገናኘት ነው፡፡ የቦሎ ምርመራ ውጤት፣ የሚዛን ወረቀትና የፍጥነት መረጃ አረቦን በሚተመንበት ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የሎይድ ቡና ቤት መዝገብ በእጃችን ገባ ማለት ነው፡፡ ባለሃያ ካሚዮኑ ድርጅት «አረቦኔ ለምን ጨመረ?» ሲል «ሚዛን ላይ ይህን ያህል ጊዜ ስለተያዝክ» የሚል መልስ ያገኛል፡፡ ከስብከትም ከቅጣትም ይልቅ ይህ ይገባዋል፤ ነጋዴ ነውና፡፡

እስከዚያው ማን ይከፍላል?

ይህ እስኪሆን ድረስ የመጨረሻውን ሒሳብ የሚዘጋ አንድ ሌላ የኢንሹራንስ ተቋም አለ፡፡ ፈቃድ አያወጣም፣ አዋጅ አያውቀውም፣ ገማች አይልክም፡፡ እድር ነው፡፡

ካሚዮን አንድ ሰው በገጨ ዕለት ማታ ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚደረድረው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው እድር ነው፡፡ የፖሊስ ሪፖርቱ ሳይጻፍ፣ ፕሮፎርማው ሳይሰበሰብ፣ «ጭነቱ ስንት ኩንታል ነበር?» ተብሎ ሳይጠየቅ እድሩ ይከፍላል፡፡ ይህ የሚያኮራ ባህል ነው፡፡ ሒሳብ ሆኖ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ ያልተቀየረው የፍሬን ሸራ ዋጋ፣ ያልተኛው ሹፌር እንቅልፍ ዋጋ፣ ሳይፈተሽ የተሸጠው ኢንሹራንስ ዋጋ ዞሮ ዞሮ በየወሩ ከሚዋጣው የመንገድ ዳር ሰው ሣንቲም ይወጣል፡፡ ካሚዮን የሌለው ሰው የካሚዮኑን አረቦን እየከፈለ ነው ማለት ነው፡፡

የይፋግ ሲራራ ነጋዴዎች ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት የጓዳቸውን ጭነት ይነካኩ ነበር፡፡ እኛ መኪናውን የምንነካው ከተገለበጠ በኋላ ነው፡፡

ቸር ያሰማን፡፡